ሎብስተር በሜይን ወጥ ቤት

ፖርትላንድ፣ ሜይን ውስጥ ወጥ ቤት ስቀጠር ሎብስተር በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር። ጥቁር አረንጓዴው እንስሳ ከእንፋሎት ቀልቶ ሲወጣ ተገረምኩ። ለካስ ቀይ ቀለሙ ቅርፊቱ ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ሙቀት ሲያላቅቀው ይገለጣል።

በሕይወት ያለውን ይግዙ። ሲያነሱት ጅራቱን ወደ ሆዱ ካጠፈ ደህና ነው። ከሞተ በኋላ ሥጋው ቶሎ ይበላሻል። በሐምሌና በነሐሴ ቅርፊቱን የቀየረው ለስላሳው ሎብስተር በብዛት ይገኛል፤ ሥጋው ያንሳል፣ ግን ይጣፍጣል፤ እኔ እሱን እመርጣለሁ።

በሕይወቱ የፈላ ውኃ ውስጥ መጣሉ አንጀቴን ይበላዋል። ስለዚህ ለ20 ደቂቃ ያህል በረዶ ቤት አስቀምጠውና ሲደነዝዝ ጭንቅላቱን በስለታም ቢላ በአንድ ምት እሰነጥቃለሁ። ስዊዘርላንድ ሳያደነዝዙ መቀቀልን እ.ኤ.አ. በ2018 ከልክላለች።

ከመቀቀል በእንፋሎት ማብሰል ይሻላል፤ ሥጋው ውኃ አይጠጣም፣ ጊዜውንም ለመቆጣጠር ይመቻል። ትልቅ ድስት ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ጨዋማ ውኃ አፍልቼ ክዳኑን አጥብቄ እከድናለሁ። ግማሽ ኪሎ ገደማ ለሚመዝን 10 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ካለፈ ሥጋው እንደ ጎማ ይሆናል። ሆዱ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ጉበት ግን አውጥተው ይጣሉት፤ የባሕር መርዝ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

አገሬው በቀለጠ ቅቤ እያጠቀሰ ይበላዋል። እኔ ቤቴ ስሆን ኮረሪማ የገባበት ንጥር ቅቤ አቀልጣለሁ።