ሻራቭ ሲነፍስ የሚሞላ ሶሌታ

በእስራኤል የባሕር ዳርቻ፣ በቴል አቪቭና በሃይፋ መካከል በምትገኘው በሃዴራ፣ አዲስ የተሞላ ሶሌታን ክፉኛ የሚፈታተነው የነሐሴ ሙቀት ሳይሆን፣ በተለይ በሚያዝያና በግንቦት ከምሥራቅ በረሃ የሚነሣው ሻራቭ የተባለው ደረቅ ነፋስ ነው፤ የነሐሴው አየር ከባሕሩ እርጥበት ይዞ ሲመጣ፣ ሻራቭ ግን ያለውንም ጠራርጎ ይወስዳል።

ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቁ አይደለም። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ አሸዋውንና ጠጠሩን የሚያያይዝ አዲስ ቁስ የሚፈጥርበት ኬሚካዊ ሂደት ሃይድሬሽን የሚባል ሲሆን፣ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው አንጻራዊ እርጥበት ከ80 በመቶ ገደማ በታች ሲወርድ ሂደቱ ሊቆም ምንም አይቀረው። በአገሩ ሠራተኞች ዘንድ አሽፓራ የሚባለው ኮንክሪት የማጠጣት ሥራም ይህን እርጥበት ጠብቆ ለማቆየት የሚደረግ ነው።

ብዙዎች ማጠጣትን የማግስት ሥራ ያደርጉታል፤ ጉዳቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው በዚያው ዕለት ነው። በአዲስ ሶሌታ ገጽ ላይ የሚያብረቀርቀው ውሃ ከውስጥ ወደ ላይ የሚወጣ በመሆኑ፣ ነፋሱ ከሚወጣው ፈጥኖ ካተነነው ገጹ ይደበዝዛል፣ ገና ሳይጠነክር ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ከአንድ ካሬ ሜትር በሰዓት 1 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ የሚተን ከሆነ፣ ነፋሱን በሸራ መከለል፣ ሙሌቱን ወደ ማለዳ ወይም ወደ ምሽት ማዛወር፣ ውሃንም እንደ ጉም አድርጎ መርጨት የግድ ይሆናል። ስንጥቁን ለመደበቅ ሲሚንቶ ነስንሶ፣ ውሃ እየረጩ ሊሾ ማድረግ ግን ገጹን የሚያደክም መጥፎ ልማድ ነው።

ገጹ ከጠነከረ በኋላ በውሃ የራሰ ጆንያ አልብሶ በላስቲክ መሸፈን፣ ቢያንስ ለ7 ቀናትም ሳያቋርጡ ማርጠብ ይገባል፤ ቀን ደርቆ ማታ የሚርስ ሶሌታ በመኮማተርና በማበጥ ይጎዳልና። በፀሐይ በጋለ ገጽ ላይ በጣም ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅም ያሰነጥቃል። ባሕሩ ቅርብ ነው ተብሎ የባሕር ውሃ መጠቀም ደግሞ ጨው ፌሮውን እንዲያዝገው መጋበዝ ነው።

በሃዴራ ያለው ኦሮት ራቢን የኃይል ማመንጫ ድንጋይ ከሰል ሲያነድ የኖረ ሲሆን፣ በእስራኤል ከእንዲህ ያሉ ማመንጫዎች የሚወጣው ደቃቅ አመድ በሲሚንቶና በኮንክሪት ውስጥ ይገባል። አመዱ ኮንክሪቱን በጊዜ ብዛት የሚያጠነክረው ቢሆንም አዝጋሚ ስለሆነ፣ አመድ በበዛበት ሶሌታ ላይ ጆንያውን በ7ኛው ቀን መግፈፍ መቸኮል ነው።