የጋዝ ምድጃና የአያቴ ወናፍ

ባለፈው ክረምት ከአያቴ ጋር በጋዝ የሚነድ ትንሽ የብረት ማጋያ ምድጃ ሠርቼ ነበር። ጓደኞቼ ስለ አሠራሩ ደጋግመው ስለ ጠየቁኝ ባጭሩ ልግለጽላችሁ።

ብረት ለመዶሻ እንዲለሰልስ ከ900 እስከ 1200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ይሻል። ለዚህም ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፤ እነርሱም ነዳጅ፣ አየርና ሙቀቱን የሚይዝ ግድግዳ ናቸው።

ግድግዳውን የሠራሁት እሳት በሚችል ጡብ ነው። ሲሚንቶ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ሊፈነዳ ስለሚችል አይሆንም። ማንደጃው ወርዱ 20 ሚሊሜትር የሆነ የብረት ቧንቧ ነው። ጋዙ ከ1 ሚሊሜትር በምታንስ ቀዳዳ በኀይል ሲወጣ በዙሪያው ያለውን አየር እየሳበ ወደ ቧንቧው ያስገባል። አንድ እጅ የፕሮፔን ጋዝ በደንብ እንዲነድ 24 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ግን አልተሳካም። የወጥ ቤት ረጉሌተር በመጠቀሜ ግፊቱ አነሰና እሳቱ ወደ ቧንቧው ውስጥ ተመለሰ። አያቴ ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «ልጄ፣ ምድጃህ ትንፋሽ አጥሮታል» አሉኝ። እርሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ከፍየል ሌጦ በተሠራ ወናፍ ከሰል ሲያናፉ የኖሩ ናቸውና ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ግፊቱ የሚስተካከል ረጉሌተር ስተካ እሳቱ እያጓራ ነደደ።

ከዚያም ከመኪና ባሌስትራ ቢላ ሠራን። ቢላው ዘይት ውስጥ ተነክሮ የሚጠነክርበትን ሰዓት አያቴ የሚያውቁት በቀለሙ ነው። ብረት 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። እርሳቸው የጋለውን ብረት አይተው «አሁን!» ሲሉ ማግኔቴን አስጠጋሁ፤ አልሳበውም። እኔ ከመጽሐፍ የተማርኩትን እርሳቸው በዓይናቸው ያውቁት ኖሯል።

ይህን ለመሥራት የምትፈልጉ ሁሉ ዐዋቂ ሰው ከጎናችሁ ይኑር። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል፤ የሚነደውም እሳት ሽታ የሌለው መርዝ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ሥራው ሜዳ ላይ እንጂ ቤት ውስጥ አይሁን። አሮጌ የጋዝ ሲሊንደርም ከቶ አትቁረጡ።

በሠፈራችን አያቴን «ቀጥቃጭ» እያሉ በንቀት የሚጠሩ ሰዎች አሉ። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ በዐዋጅ የከለከሉት በ1900 ዓ.ም. ነበር። ስድቡ ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። እኔም ቀድሞ የአያቴን ሥራ ለጓደኞቼ መናገር አፍር ነበር፤ አሁን ግን በዚህ መጽሔት ላይ ጽፌዋለሁ።