በአትላንታ የላይኛው ፎቅ ለምን ይግላል? አቲክ ላይ የሚገጠመው ፋንስ መፍትሔ ነው?

በሐምሌ ወር አትላንታ ውስጥ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ደረጃ የሚወጣ ሰው ገና ከመኝታ ክፍሉ በር ሳይደርስ ሙቀቱ ይቀበለዋል። ታችኛው ክፍል ቀዝቅዞ ሳለ ላይኛው ያፍናል፤ ማቀዝቀዣው ሳያርፍ ይሠራል፤ የመብራት ሒሳቡም ያስደነግጣል።

በክላርክስተን፣ በስቶን ማውንቴንና በአካባቢው ቤት ለገዙ ኢትዮጵያውያን ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በተለይ የጆርጂያ ፓወር መደበኛ ታሪፍ ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ስለሚያደርግ፣ ጉዳዩ በቀጥታ ኪስ ይነካል። ለችግሩ ከሚቀርቡት ምክሮች አንዱ አቲክ ላይ አየር ማስወጫ ፋን ማስገጠም ነው። ምክሩ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን መጀመሪያ መሠራት ያለበት ሌላ ነገር ነው።

አቲክ የሚባለው በኮርኒሱና በጣሪያው መካከል ያለው ባዶ ቦታ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በቆርቆሮ ክዳን ሥር የኖረ ሰው በቀትር ከኮርኒሱ በላይ ምን ያህል ሙቀት እንደሚከማች ያውቃል። ልዩነቱ አዲስ አበባ ማታ መቀዝቀዟ ነው። የአትላንታ የሐምሌ ቀን በአማካይ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይደርሳል፤ ሌሊቱም ወበቅ ነው። ጠቆር ባለ ሺንግል በተሸፈነ አቲክ ውስጥ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

በተለመደው አሠራር፣ ሶፊት በሚባለው የጣሪያው ክፈፍ ታችኛ ክፍል ባሉ ቀዳዳዎች አየር ይገባል፤ ሲሞቅ ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያው አናት በተተወ ክፍተት ይሄዳል። የአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ ለ150 ካሬ ጫማ የአቲክ ወለል 1 ካሬ ጫማ ክፍት ቀዳዳ ይጠይቃል፤ የላዩና የታቹ ከተመጣጠነ ለ300 ካሬ ጫማ 1 ይበቃል። የዚህ አየር ትልቁ ጥቅም እርጥበትን ማስወገድ ነው።

ክፍሉን በማቀዝቀዝ ረገድ ግን አቅሙ ውስን ነው። ከጋለ ጣሪያ ወደ ኮርኒሱ የሚወርደው ሙቀት አብዛኛው የሚመጣው በጨረር መልክ ነውና። ከጋለ ምጣድ አጠገብ የቆመ ሰው ነፋስ ቢነፍስለትም ፊቱን መለብለቡ አይቀርም።

ፋኑ ራሱም ችግር ሊያመጣ ይችላል። ያስወጣውን የሚተካ አየር ይፈልጋል፤ የሶፊቱ ቀዳዳዎች ከጠበቡ ወይም ከተደፈኑ የሚስበው ከቤቱ ውስጥ ነው፤ በኮርኒሱ ውስጥ በተቀበሩ መብራቶች ዙሪያ፣ በአቲኩ መውጫ ጠርዝ፣ በሽቦና በቧንቧ ቀዳዳዎች በኩል። ባለቤቱ ከፍሎ ያቀዘቀዘው አየር በጣሪያ ወጣ ማለት ነው። በጋዝ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ ባለበት ቤት ደግሞ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። ግፊቱ ሲቀንስ በጭስ ማውጫው መውጣት የነበረበት ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ክፍሎቹ ሊመለስ ይችላል። በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ነፍስ እንደሚያጠፋ የሚያውቅ ሁሉ አደጋውን ይረዳዋል።

ስለዚህ ቅድሚያ የሚሰጠው እነዚህን ቀዳዳዎች መድፈን ነው። ቀጥሎ የአየር ቱቦዎቹ፣ ማለትም ዳክቶቹ፣ ይመጣሉ። በብዙ የአትላንታ ቤቶች ዳክቶቹ የሚያልፉት በዚያው በጋለው አቲክ ውስጥ ሲሆን፣ ኢነርጂ ስታር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት መርሐ ግብር እንደሚለው በአንድ ተራ ቤት በዳክት ከሚያልፈው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው ባክኖ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ኢንሱሌሽን፦ ምንም ለሌለው አቲክ በአትላንታ የአየር ጠባይ የሚመከረው አር-49 ነው፤ ይህም እንደ ቁሱ ዓይነት ከ35 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ግድም ውፍረት አለው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም ግምት፣ ቀዳዳ ደፍኖ ኢንሱሌሽን የጨመረ ቤት ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ወጪው በአማካይ 15 በመቶ ይቆጥባል።

ወጥ ለሚሠራበትና ቡና ለሚቆላበት ቤት አንድ ነገር መጨመር ይገባል። የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ክፍል አየር ማስወጫ ቱቦ አቲክ ውስጥ ሳይሆን ከቤት ውጭ መጨረስ አለበት፤ አለዚያ እንፋሎቱ እንጨቱን ያሻግታል። የጣሪያው የውስጥ ገጽ በስፕሬይ ፎም የታሸገ ከሆነ ደግሞ አቲኩ እንዲዘጋ ታስቦ የተሠራ ነውና ቀዳዳ መክፈት ሥራውን ያበላሻል።

ለኢንሱሌሽን ይሰጥ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽ በአውሮፓውያኑ 2025 መጨረሻ አብቅቷል፤ ሻጭ አሁንም ቢጠቅሰው አይቆጠርም። ውል ከመፈረም በፊት ማለዳ፣ ሳይሞቅ፣ ባትሪ ይዞ አቲኩን ማየት ነፃ ነው። አግዳሚ እንጨቶቹ ከኢንሱሌሽኑ በላይ ከታዩ ኢንሱሌሽኑ አንሷል። እግር የሚያርፈው ግን በእንጨቶቹ ላይ ብቻ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ኮርኒስ ሰው አይሸከምም።