ከጣርማ በር ቁልቁል፦ የይፋትን ጥንታዊ ከተሞች ለመጎብኘት እንዴት እንሰናዳ?



 የዛሬው ንግግሬ ስለ ጉብኝት ዕቅድ ነው። ርእሱ ለታሪክ መምህር የቀለለ መስሎ ቢታያችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲያ አስብ ነበር።

በውጭ አገር የሚኖር አንድ ዘመዴ ወደ እስክንድርያ ሊጓዝ ተነሥቶ ዕቅዱን አሳየኝ። ጥንታዊው የፋሮስ መብራት ቤት ቆሞበት በነበረው ሥፍራ ላይ የተሠራውን የቃይትባይን ምሽግ በስንት ሰዓት እንደሚያይ፣ ከወደቡ ዳር የት እንደሚመገብ፣ ወደ አዲሱ ቤተ መጻሕፍት በየት በኩል እንደሚሄድ ሁሉንም ጽፎታል። ትጋቱን አደነቅሁና አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «አገር ቤት በመጣህ ቁጥር ወደ ደሴ ስትሄድ በጣርማ በር ታልፋለህ፤ ለመሆኑ ምን አየህ?» ጥቂት አሰበና «ዋሻውንና የደብረ ሲናን ቆሎ» አለኝ። ሁለታችንም ሣቅን፤ ነገሩ ግን ከልቤ አልወጣም። አብዛኞቻችን መልሳችን ከእርሱ አይለይምና።

ስለዚህ ዛሬ ለጠረፍ ከተማ የምናደርገውን ዝግጅት ለይፋት ብናደርግ ምን እንደምናገኝ ላስረዳ እሞክራለሁ።

ከጂኦግራፊው ልጀምር። ጣርማ በር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ ከአዲስ አበባ 180 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቅ የአፋፍ በር ነው። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ተራራውን ፈልፍለው ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አበጁለት። መንገደኛው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህንኑ ነው። እኔ ግን ከዋሻው ይልቅ ውኃው ይደንቀኛል። ከአፋፉ በስተምዕራብ የወደቀ ዝናብ በጀማ በኩል ወደ ዓባይ ይገባል፤ ዓባይም ግብፅን አቋርጦ ሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከአፋፉ በስተምሥራቅ የወደቀው ዝናብ ደግሞ በሮቢና በሌሎች ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር በረሃ ሐይቆች ውስጥ ይቀራል። በጉም በተሸፈነው በዚያ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው አንድ እግሩን በእስክንድርያ ውኃ፣ ሌላውን በይፋት ውኃ ላይ አድርጓል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ባሕር ያልነካውን ይፋትን ከጠረፍ ከተማ ጋር ምን ያገናኘዋል? ንግድ ነው። በዐረብኛ ሳሕል የሚለው ቃል ዳርቻ ማለት ነው፤ የባሕርም የበረሃም ዳርቻ በዚሁ ስም ይጠራል። ከዘይላ ወደብ የተነሣ ነጋዴ ጨርቁንና ጨውን በግመል ጭኖ በረሃውን ካቋረጠ በኋላ ከአፋፉ ግርጌ ይደርሳል። ግመል ደግሞ ዳገቱን አይወጣም። ጭነቱ ይራገፋል፤ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ ወደ ደጋ ይወጣል። ከደጋ የመጣውም እንደዚሁ ወደ ግመል ይዛወራል። ጭነት ከአንዱ ማጓጓዣ ወደ ሌላው የሚዛወርበት ቦታ ወደብ ከተባለ፣ የአፋፉ ግርጌ ወደብ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአንኮበር ሥር የምትገኘው አልዩ አምባ ይህንኑ ሥራ ትሠራ ነበር። ከእርሷ በፊት ግን ሌሎች ነበሩ።

የይፋት ሱልጣኔት የተመሠረተው የወላስማ ሥርወ መንግሥት የቀድሞውን የሸዋ ሱልጣኔት በ1285 እ.ኤ.አ. ካሸነፈ በኋላ ነው። ከ1314 እስከ 1344 እ.ኤ.አ. የነገሠው ዐፄ ዓምደ ጽዮን ይፋትን ወግቶ አስገብሯል፤ ሆኖም ሱልጣኔቱ ወዲያው አልጠፋም። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ሱልጣን ሰዕደ ዲን ዘይላ ላይ ተገደለ፤ ከዘይላ ፊት ለፊት ያለችው ደሴት እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራለች። በካይሮ የኖረው ጸሐፊ አል ዑመሪ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለዚህ አገር በዝርዝር ጽፏል። ከተሞቹ ግን ለዘመናት በመጽሐፍ ብቻ የሚታወቁ ሆነው ቆዩ። የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች እንደ ኖራ፣ አስበሪና መሳል ያሉትን ፍርስራሾች አጥንተው ለዓለም ያስተዋወቁት በቅርብ ጊዜ፣ በዚህ በያዝነው የፈረንጆች ክፍለ ዘመን ነው። በእነዚህ ሥፍራዎች ያለ ጭቃ በደረቅ ካብ የተሠሩ ግድግዳዎች፣ መስጊዶች፣ እርከኖችና መካነ መቃብሮች ይገኛሉ። ከዚህም ሌላ የ14ኛው ክፍለ ዘመን ዐረብኛ ጽሑፍ የተቀረጸባቸው የወላስማ ገዢዎች የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል።

እንግዲህ ወደ ዕቅዱ ልግባ።

የመጀመሪያው ጉዳይ ሰላም ነው። ይህ መንገድ ባለፉት ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬና አካባቢዋ ከባድ ጥፋት ደርሶባቸዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን አዳርሷል። ስለዚህ ማንም ሰው ባለፈው ዓመት በሰማው ወሬ ተመርቶ ጓዙን አይሸክፍ። የሚሄድበትን ቀን ከመቁረጡ በፊት በዚያው የሚኖሩ ሰዎችን ይጠይቅ፤ በሚነሣበት ዋዜማም ደግሞ ይጠይቅ። «ዛሬ አትምጡ» ከተባለ መቅረት ነው። ያዩት ድንጋይ ለ700 ዓመታት ጠብቋል፤ ጥቂት ወራት ቢጨመሩበት አይከፋውም።

ሁለተኛው ወቅት ነው። በክረምት የጣርማ በር ጉም መንገዱን ይጋርዳል፤ የቆላው ጎርፍም መሻገሪያ ያሳጣል። ከመጋቢት በኋላ ሙቀቱ ይበረታል። ለእግር ጉዞ የሚመቸው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። ሆኖም ከክረምት ማግሥት ያሉት ወራት በቆላ የወባ ወቅት ስለሆኑ፣ በሸዋ ሮቢት የሚያድር ሰው አጎበር መኖሩን ሳያረጋግጥ መኝታ አይያዝ።

ሦስተኛው ልብስ ነው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ላይ ትገኛለች። ከጣርማ በር እስከዚያ ከ50 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ከ1,700 ሜትር በላይ እንወርዳለን። የአየሩ ሙቀት በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ስለሚለዋወጥ፣ ልዩነቱ 10 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ጠዋት ጋቢ ደርቦ ጭላዳ ዝንጀሮዎችን ሲመለከት የነበረ መንገደኛ ከቀትር በፊት በማሾና በማሽላ ማሳዎች መካከል ላብ ሲያጠምቀው ያገኘዋል። ሊደረብና ሊወለቅ የሚችል ልብስ፣ ባርኔጣና በቂ ውኃ ያስፈልጋል።

አራተኛው የቀናት አደላደል ነው። እኔ ሦስት ቀን እመክራለሁ። ዓርብ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን ቁርስ መብላት፣ በጣርማ በር ወርዶ አፋፉን ማየት፣ በደብረ ሲና ቆሎ ሸምቶ ሸዋ ሮቢት ገብቶ ማደር። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ወደ ፍርስራሾቹ ማምራት፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ ፀሐዩ ስለሚከር ሥራው በጠዋት ማለቅ አለበት። እሑድ መንገዱ ሰላም ከሆነ ወደ ሰሜን ዘልቆ የሰንበቴን ገበያ ማየት። በዚያ ገበያ ዐማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ በየሸቀጡ ሲገናኙ የተመለከተ ሰው፣ የድሮዎቹ ከተሞች ለምን በዚህ አፋፍ ግርጌ እንደተቆረቆሩ ካለ መምህር ይገባዋል።

አምስተኛው፣ እኔ በራሴ ስሕተት የተማርሁት ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከተማሪዎች ጋር የወረድሁ ዕለት ካርታ፣ ካሜራና የተነበቡ ጽሑፎች ነበሩኝ። ያልያዝሁት የአካባቢውን ሰው ነው። ፀሐዩ ሲከርብን ከአንድ ግራር ጥላ ሥር ወዳለ የድንጋይ ክምር ሄደን ተቀመጥን፤ ምሳችንንም ዘረጋን። በማሳው ዳር ያልፉ የነበሩ አንድ አዛውንት ቆም ብለው ተመለከቱን። ሰላምታ አቀረብንላቸው፤ በትሕትና መለሱና «ልጆቼ፣ ደክሟችሁ ነው እንጂ ባታውቁት ነው፤ የተቀመጣችሁበት መቃብር ነው» አሉን። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተናገሩም። እንጀራውን አጣጥፈን ስንነሣ የተሰማኝን እፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ስለ መቃብሮቹ ብዙ ገጽ አንብቤ ነበር፤ መቃብሩን ግን አላወቅሁትም።

አዛውንቱ ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን መሩን። የቱ ካብ የጥንት፣ የቱ የእርሳቸው አባት የሠሩት እርከን እንደሆነ እየለዩ አሳዩን። ለእርሳቸው ሁለቱም አንድ ሥራ ነው፤ አፈሩ እንዳይሸሽ የተሠራ ነው። እዚህ ላይ ነው የነገሩ ክብደት ያለው። እነዚህ ከተሞች አጥር የላቸውም፤ የመግቢያ ትኬትም የላቸውም። ገበሬው ለእርከኑ ወይም ለቤቱ መሠረት ድንጋይ ሲፈልግ ከፊቱ የሚያገኘው የጥንቱን ግድግዳ ነው፤ የሚያርስበትን ሰው ልንወቅሰው አንችልም። ድንጋዩ በቦታው እንዲቆይ ከፈለግን፣ ቆሞ መቆየቱ ለሚኖርበት ሰው ጥቅም እንዲያመጣ ማድረግ አለብን። ጎብኚው የሚከፍለው የአስጎብኚ አበል፣ የሚገዛው ምሳ፣ የሚጠይቀው ጥያቄ ሳይቀር ለግድግዳው ዕድሜ ይቀጥልለታል።

ስለዚህ ወደ ሥፍራው ከመውጣታችሁ በፊት ለቀበሌው አስታውቁ፤ የአገር ሽማግሌዎችን አስፈቅዱ፤ ከዚያው መንደር መንገድ የሚመራ ሰው ያዙ፤ ዋጋውንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። እንደ ጎዜ ባሉ ዛሬም በሚሰገድባቸው መስጊዶች ጫማ ይወለቃል፤ ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ፤ የዓርብ ጁምዓ ሰዓት የጉብኝት ሰዓት አይደለም። መቃብርና ሰው ፎቶግራፍ የሚነሣው በፈቃድ ነው። ከመሬት የተገኘ ገልም ሆነ ድንጋይ ወደ ኪስ አይገባም፤ ከቦታው የተነሣ ገል ምስክርነቱን ያጣልና።

ክቡራትና ክቡራን፤ ዘመዴ ከእስክንድርያ በሰላም ተመልሶ ፎቶግራፎቹን አሳይቶኛል፤ ደስ ይላሉ። በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ሲመጣ ግን ሦስት ቀን እንዲሰጠኝ አስምዬዋለሁ። ጣርማ በር ላይ አቁሜ ሁለቱን ውኃዎች አሳየዋለሁ፤ ከዚያም ቁልቁል ይዤው እወርዳለሁ። ምሳ የምንበላበትን ቦታ ግን የሚመርጥልን የመንደሩ ሰው ይሆናል።