ስለ ተፋቱ ወላጆችና ልጅን ስለ መጠየቅ

ንጉሥ ሰሎሞን ስለ አንድ ሕፃን በተከራከሩት በሁለቱ ሴቶች መካከል የሰጠው ፍርድ በመጽሐፍ የታወቀ ነው። ሰይፍ እንዲመጣ ባዘዘ ጊዜ እውነተኛይቱ እናት ከልጅዋ ሞት ይልቅ ከእርስዋ መለየቱን ስለ መረጠች፥ በርኅራኄዋ ታወቀች። ዛሬ በቤተሰብ ችሎት ፊት የሚቆሙት ባልና ሚስት ግን ሁለቱም እውነተኞች ወላጆች ናቸውና የዳኛው ሥራ ከዚያ ይልቅ ይከብዳል። ሕፃኑ አይከፈልም፤ ሊከፈል የሚቻለው ቀኑና ሰዓቱ ብቻ ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ ከባድ ምክንያት ካልተገኘ በቀር ሕፃን እስከ አምስት ዓመቱ ድረስ ለእናቱ እንዲሰጥ ይደነግግ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ ይኸውም ዐዋጅ ቁጥር 213፥ ይህን የዕድሜ ወሰን ትቶ፥ በአንቀጽ 113 ዳኞች የወላጆቹን ገቢ፥ ዕድሜ፥ ጤንነትና አኗኗር፥ የልጆቹንም ዕድሜና ጥቅም መርምረው እንዲወስኑ አዘዘ። ሕጉ ልጅን ለአንዱ ወላጅ በመስጠት አላበቃም፤ ወላጆችና ልጆች እርስ በርሳቸው የሚጠያየቁበት መብት ከፍቺው ጋራ አብሮ እንዲወሰን ጨመረ። ይህ ሕግ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራ ሲሆን፥ ብዙዎቹ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።

መጠያየቅ የሚለው ቃል ሊታሰብበት የሚገባ ነው። መብቱ የአባት ወይም የእናት ብቻ ሳይሆን የልጁም ነውና። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 9፥ ጥቅሙን የሚጎዳ ካልሆነ በቀር፥ ከወላጁ የተለየ ሕፃን ከሁለቱም ጋራ ዘወትር የመገናኘት መብት እንዳለው ይናገራል።

ይሁን እንጂ አንዳንዱ አባት ልጄን አላሳየችኝም ብሎ ቀለቡን ያስቀራል፤ አንዳንዲቱ እናትም ቀለብ አልመጣም ብላ በሩን ትዘጋለች። ሁለቱም ባላጋራቸውን የቀጡ ይመስላቸዋል፤ የሚቀጣው ግን እሑድ ጧት ልብሱን ለብሶ ደጅ ደጁን ሲያይ የሚውለው ሕፃን ነው። ልጅ የብድር መያዣ አይደለም። ቀለብ የመጠየቂያ ዋጋ አይደለም፤ መጠየቅም የቀለብ ደመወዝ አይደለም። ቀለብ የቀረባት እናት በቀለብ፥ ልጁን የተከለከለ አባትም በመጠየቅ መብቱ ለየብቻ ለዳኛ ማመልከት ይገባቸዋል።

አቤቱታውም ሆነ ትእዛዙ የተብራራ ቢሆን ብዙ ጠብ ይቀራል። አባት ልጁን ይጠይቅ ተብሎ ብቻ ቢጻፍ፥ በማግስቱ መቼና የት የሚል ሌላ ክርክር ይወለዳል። ስለዚህ ቀኑ፥ ሰዓቱ፥ የመረካከቢያው ስፍራ፥ ልጁን የሚያመጣውና የሚመልሰው ሰው፥ የዘመን መለወጫው፥ የልደቱና የፋሲካው በዓል፥ የትምህርት ቤት ዕረፍቱም ጭምር ተለይቶ ቢጻፍ ይበጃል። ትእዛዙ ያልተፈጸመለት ሰውም በጉልበት ልጁን ከመንጠቅ ይልቅ፥ ትእዛዙ እንዲፈጸም ለፍርድ ቤቱ ማመልከት አለበት።

ወላጅ መሆን ብቻውን ግን ሁሉን አያስገኝም። የሚደበድብ ወይም የሚያስፈራራ ወላጅ ሲኖር፥ የሚቀድመው የልጁ ደኅንነት ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በ2000 ዓ.ም. ልጁን ሳያሳድግ ቆይቶ ከአሳዳጊ አክስቷ ሊወስዳት በጠየቀ አባት ጉዳይ ላይ፥ ከአባትነቱ ይልቅ የሕፃኗን ጥቅም አስቀድሞ ፈርዶአል።

የንስሐ አባቶችና ሽማግሌዎች ባልና ሚስትን ለማስታረቅ ብዙ ይደክማሉ። እርቁ ባይሰምር ግን ድካማቸው በዚያ ሊያበቃ አይገባም፤ የተጣሉት ሁለቱ ልጁን በሰላም እንዲረካከቡ ቢመክሩ ታላቅ ሥራ ነው። ዳኞችና ሹማምንትም የሕፃን ዕድሜ ቀጠሮን እንደማይጠብቅ ቢያስቡ መልካም ነው። በሦስት ዓመቱ የተለየ ልጅ ፋይሉ ከመደርደሪያ ሳይወርድ ስድስት ዓመት ቢሞላው፥ የአባቱን ፊት በፍርድ ወረቀት ሊያውቀው አይችልም። ባልና ሚስት በፍርድ ይለያያሉ፤ አባትና ልጅ፥ እናትና ልጅ ግን ፍቺ የላቸውም።