በሁለት በረራ መካከል የተገኘች አዲስ አበባ

ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ በቦሌ አየር ማረፊያ መውጫ በር ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ሁለት ዓይነት መንገደኛ ይለያል። አንደኛው ሦስት ሻንጣ የተቆለለበት ጋሪ እየገፋ ይወጣል፤ እናት እልል ትላለች፣ አበባ የያዘ ልጅ ሮጦ ይጠመጠምበታል። ሁለተኛው ትከሻው ላይ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ጣል አድርጓል። የሚጠብቀው ዘመድ የለም፤ ሻንጣውም እዚያው ውስጥ ቀርቶ የማታውን አውሮፕላን ይጠብቃል። ይህ ሰው በቦሌ ቋንቋ «ትራንዚት» ነው። ከጓንጁ ዕቃ ገዝቶ ወደ ሌጎስ የሚመለስ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከአውሮፓ ተነስታ ዛንዚባር ለዕረፍት የምትወርድ ወጣት። አዲስ አበባን ብሎ ትኬት የቆረጠ አይደለም። ከተማዋ ናት መንገድ ላይ ያገኘችው።

በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ የአንድ ቀን እንግዳ በመርከብ የሚመጣበትም አለ። የሜክሲኮዋ ኮዙሜል ደሴት በዓመት በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የመዝናኛ መርከብ መንገደኞችን ታስተናግዳለች። ጠዋት ይወርዳሉ፣ ጠልቀው የባሕር ዓሣ ያያሉ፣ በሳን ሚጌል ከተማ ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ፣ ከዚያ ወደ መርከባቸው። በራሱ መንገድ ሲዞር ያረፈደውን መርከቧ ጥላው ትሄዳለች። ችግሩ ግን እንግዳው የሚተኛውም የሚበላውም መርከቡ ላይ መሆኑ ነው፤ ለደሴቷ የሚቀረው የአንድ ከሰዓት ወጪ ነው። ሜክሲኮ ከሐምሌ 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በእያንዳንዱ የመርከብ መንገደኛ ላይ የ5 ዶላር ክፍያ የጣለችው ለዚህ ጭምር ነው።

እኛ ባሕር የለንም። ወደብ የለንም ስንል ግን ቦሌን እንረሳለን። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 በጀት ዓመት ብቻ ከ17 ሚሊዮን በላይ መንገደኞችን አጓጉዟል፤ ከውጭ ከሚመጡት ብዙዎቹ ቦሌ ላይ አውሮፕላን ቀይረው ያልፋሉ። እንደ ወደብ ሠራተኛ ቦሌም የሚኖረው በማዕበል ነው። ጠዋት ከእስያ፣ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የገቡት ወደ አፍሪካ ከተሞች ይበተናሉ። ማታ ደግሞ ከአፍሪካ የተሰበሰቡት ወደ ሩቁ ይሄዳሉ። የሁለቱ ማዕበል ሰዓት ያልገጠመለት መንገደኛ ነው እንግዲህ ቀኑን ሙሉ በእጃችን የሚወድቀው።

አየር መንገዱ ሥራ ሲጀምር ይህ ሁሉ አልነበረም። በመጋቢት መጨረሻ 1938 የመጀመሪያዋ አውሮፕላን በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የተነሳችው ከልደታ ሜዳ ነው። ጄት ሲመጣ ልደታ ጠበበ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ላይ ከባድ አውሮፕላን ለመነሳት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህም በ1950ዎቹ ሥራው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደነበረው ወደ ቦሌ ተዛወረ። ዛሬ ቦሌን «ከከተማ ወጣ ያለ» የሚል ሰው ካለ ቶሎ ይጠየቅ፤ መንደርደሪያው ዙሪያውን በሕንፃ ተከቧል። በጥር 2011 ተርሚናሉ ሰፍቶ ሲመረቅ በዓመት 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሆነ፤ በዚያው ጊዜ በአቅራቢያው ስካይላይት ሆቴል ተከፈተ።

ሆቴሉ የመጣው አለምክንያት አይደለም። ቀረብ ያለ ተያያዥ በረራ ሳያገኝ ከ8 እስከ 24 ሰዓት ቦሌ ላይ የሚቆይ የአየር መንገዱ መንገደኛ፣ ትኬቱ የሚፈቅድለት ከሆነ፣ ማረፊያና ምግብ ይሰጠዋል። ቫውቸሩን ይዞ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ክፍሉ ገብቶ መጋረጃውን ይዘጋል። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ የበረረ ሰው አልጋ ሲያይ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ብዙዎች አዲስ አበባን የሚያውቋት በአንሶላዋና በቁርሷ ነው። እዚህ ላይ ነው ቦሌ ኮዙሜልን የሚመስለው፦ እንግዳው መጥቷል፣ ከተማዋ ግን አላገኘችውም።

ከእንቅልፉ ነቅቶ የሚወጣውን ደግሞ አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል፤ ሰዓታችን። ትኬቱ ላይ 22፡45 ተጽፏል፤ እኛ ዘንድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ45 ነው። ቤተ መዘክር በር ላይ ያወረደው ሾፌር በተሰባበረ እንግሊዝኛ «9 ሰዓት እዚሁ እንገናኝ» ይለዋል። ሾፌሩ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ማለቱ ነው። ፈረንጁ የማታውን 9 ሰዓት፣ ማለትም የእኛን 3 ሰዓት ይሰማል። ሾፌሩ መኪናው ላይ ተደግፎ መንገድ መንገዱን ሲያይ፣ እንግዳው ገና 6 ሰዓት ይቀረኛል ብሎ ሁለተኛ ማኪያቶ ያዛል። የቦሌ ሾፌሮች ይህን ከተማሩ ቆይተዋል፤ ብዙዎቹ አሁን ጣታቸውን ሰዓታቸው ላይ አድርገው ያሳያሉ እንጂ በቃል አይቀጥሩም። 13ኛ ወር ያላት አገር ውስጥ ገብቶ በሰዓት ብቻ የተሳሳተ ዕድለኛ ነው። «የ13 ወር ፀሐይ» የሚለውን መፈክር ለኢትዮጵያ ቱሪዝም ያወጡት አቶ ሀብተሥላሴ ታፈሰ ናቸው፤ ያ እንግዳ የሚያደርግ ልዩነት ራሱ መስህብ እንደሆነ ቀድመው ገብቷቸው ነበር።

ታዲያ በ10 ሰዓት ውስጥ ምን ይታያል? አስጎብኚዎች የሚወዱት መንገድ ከቦሌ ወደ አምስት ኪሎ ይወጣል። በብሔራዊ ሙዚየም ድንቅነሽ አለች፤ ኅዳር 1967 ሐዳር ላይ የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረች። በመስታወቱ ውስጥ ያለው ቅጂው እንጂ እውነተኛው አጥንት አይደለም፤ እሱ በካዝና ተቆልፎ ነው የሚኖረው። ይህን ሲሰማ ቅር የሚለው እንግዳ አለ፤ ሌላው ደግሞ ቁመቷ የልጅ ያህል መሆኑን አይቶ ዝም ይላል። ከዚያ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል፣ የአፄ ኃይለ ሥላሴ አጽም በ1993 ያረፈበት። ከዚያ ፒያሳ፣ በ2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። እንጦጦን የሚጨምሩም አሉ። እንጦጦ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ትናንት ባሕር ዳርቻ ያደረ ሰው ደረጃ ሲወጣ ልቡ ይመታል፣ ራሱን ያመዋል። ጊዜ ላጠረው እንጦጦን መዝለል ነው።

ከሁሉም ይልቅ ግን ያለፈው መንገደኛ የሚያወራው ስለ ቡናው ነው። ይህ አያስገርምም። ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ጥሬው ቡና ታጥቦ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ፣ ቆይዋ ጭሱን በእጇ ወደ እንግዳው ስትገፋለት፣ ሰውየው የሚጠበቅበትን አያውቅም፤ አንዳንዱ እጁን ዘርግቶ ምጣዱን ሊቀበል ይሞክራል። ፈንዲሻ ይቀርባል። ጀበናው ይንተከተካል። አቦሉ ሲቀዳ ሰዓቱን ያያል። ቶናው ሲመጣ እንደገና ያያል። በረካ እስኪደርስ ከተቀመጠ ሻንጣውን ረስቷል ማለት ነው። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ከሩዋንዳ ሰፈር እስከ ገርጂ፣ ከመድኃኔ ዓለም ጀርባ እስከ ሃያ ሁለት፣ በየሕንፃው ሥር ከሰል አቀጣጥላ፣ ስኒ ደርድራ የተቀመጠች ሴት አለች።

4 ወይም 5 ሰዓት ብቻ ያለው ሰው መሀል ከተማ ባይገባ ይሻለዋል። የምሥራቁ ክፍል በራሱ ይበቃል። ቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ከተርሚናሉ ብዙ አይርቅም። ለገበያ መርካቶ ድረስ ሄዶ መጨናነቅ ውስጥ ከመግባት መገናኛ አጠገብ ሾላ ገበያ አለ፤ በርበሬው፣ ኮረሪማው፣ ቅቤው፣ ጀበናው በአንድ ላይ። አሮጌ መስቀል ወይም ብራና ካማረው ግን አስቀድሞ ይጠንቀቅ፤ ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ ቦሌ ላይ ፍተሻው ያገኘዋል። ማታ ደግሞ እንደ ዮድ አቢሲኒያ ያሉ የባህል ምግብ ቤቶች እስክስታውን ከክትፎው ጋር ያቀርባሉ፤ አውሮፕላን ማረፊያውም ቅርብ ነው። እዚያ እያጨበጨበ ከርሞ በረራ ያመለጠው እንዳይሆን ብቻ።

ይህ ሁሉ የቅርበት ጸጋ ነው፤ ቅርበቱ ደግሞ ለዘለዓለም አይደለም። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲስ አየር ማረፊያ ሲጠናቀቅ በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲይዝ ታስቧል፤ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ያን ጊዜ የትራንዚቱ ከሰዓት በኋላ ምናልባት በባቦ ጋያ ወይም በሆራ ሐይቅ ዳር ያልፋል፤ የሩዋንዳዋ ቡና አፍይ ደግሞ ሌላ ደንበኛ ትፈልጋለች።

እስከዚያው ግን ወዳጅ ወይም የሥራ እንግዳ በቦሌ የሚያልፍባችሁ ከሆነ፣ ለመግባት ቪዛ ያስፈልገው እንደሆነ ቀድሞ እንዲያጣራ ንገሩት፤ ስትሸኙትም መኪናው የሚመጣበትን ሰዓት በፈረንጅ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ እጁ ላይ አስይዙት።