የቀለሙ ምስጢር ከመንከሩ በፊት ነው

ባለፈው ክረምት ከቁርኣን ትምህርት በኋላ ለተማሪዎቻችን የእጅ ሥራ ማስተማር ጀምረን ነበር። የመረጥነውም ጨርቅን በክር እያሰሩ ቀለም የመንከር ሙያ ነው። አንዲት ተማሪያችን የእናቷን ነጭ ሻሽ በአደራ ይዛ መጣች። እኛም ቸኩለን ሻሹን ሳናጥብና ሳናዘጋጅ ቀለም ውስጥ ከተትነው። ሲወጣ አምሮ ነበር። ቤት ሄዶ ሲታጠብ ግን ቀለሙን ለቀቀ፤ አብሮት የተዘፈዘፈውን የአባቷን ነጭ ጀለብያም አበላሸ። ልጅቱ በኀፍረት አንድ ሳምንት ከትምህርት ቀረች። ጥፋቱ ግን የእኛ እንጂ የእሷ አልነበረም። ይቅርታ ልንጠይቅ ቤታቸው ስንሄድ እናቲቱ፣ «የጀለብያውስ ግድ የለም። ልጄ ግን ሁለተኛ አልነካም ብላለች፤ እሱን አስተካክሉልኝ» አሉን።

ከዚያ ወዲህ ሙያውን ከሥሩ ለማወቅ ተነሣን። በምዕራብ ሕንድ፣ በጉጃራት ግዛት ኩች በሚባለው አካባቢ «ባንድሃኒ» የተባለ ጥበብ አለ። ስሙ «ማሰር» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። በዚህ ሙያ ከታወቁት የኸትሪ ቤተሰቦች ብዙዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ጨርቁ በጥፍር ቆንጠር እየተደረገ በክር ይታሰራል፤ በአንድ ጨርቅ ላይ በሺህ የሚቆጠር ቋጠሮ ሊኖር ይችላል። ከዚያም በቅድሚያ ፈዛዛው፣ ቀጥሎ ደማቁ ቀለም ይነከራል።

በቱርክ ደግሞ «ኤብሩ» አለ። በሙጫ በወፈረ ውኃ ላይ የበሬ ሐሞት የተቀላቀለበት ቀለም ሲረጭ ሳይሰምጥ ይንሳፈፋል። ቀለሙ በወስፌና በማበጠሪያ ቅርጽ ከተሰጠው በኋላ ወረቀት ሲጋደምበት ንድፉን እንዳለ ያነሣል። ከኢስታንቡል የኡስኩዳር ሰፈር የወጡት ኢማምና የዐረብኛ ጽሕፈት ጥበበኛ ነጅመዲን ኦክያይ (1883–1976 እ.ኤ.አ.) በኤብሩ አበባ በመሥራት ይታወቃሉ። ዩኔስኮም ጥበቡን በ2014 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል። ኤብሩን በጨርቅ ላይ ለመሥራት ሲፈለግ ጨርቁ አስቀድሞ በሸብ ውኃ ተነክሮ መድረቅ አለበት። እኛ የዘለልነውም ይህንኑ ዝግጅት ነበር።

እንግዲህ በቤታችሁ ለመሞከር የምትፈልጉ እንዲህ አድርጉ።

1ኛ. ጨርቁ ጥጥ መሆኑን አረጋግጡ። ትልቅ ሰው ከጠርዙ አንድ ክር መዝዞ ያቃጥል። ጥጥ እንደ ወረቀት ነዶ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ይጠጥራል። ፖሊስተር ይህን ቀለም አይቀበልም።

2ኛ. ጨርቁን በሙቅ ውኃና በሳሙና እጠቡ። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው ማጠንከሪያ ቀለሙን ይከለክላል።

3ኛ. 200 ግራም ለሚመዝን ጨርቅ 30 ግራም ያህል ሸብ በሙቅ ውኃ አሟሙታችሁ ጨርቁን አሳድሩበት።

4ኛ. ጨርቁን ጨምቃችሁ ጠጠር ወይም ባቄላ እየከተታችሁ በክር ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ክሩ የያዘው ቦታ ነጭ ክብ ሆኖ ይቀራል። የላላ ቋጠሮ ግን ቀለም ያስገባል።

5ኛ. የጨርቁን ክብደት የሚያህል የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ በ5 ሊትር ውኃ አንድ ሰዓት ቀቅላችሁ አጥልሉ። ጨርቁን ከትታችሁ በለዘብተኛ እሳት 45 ደቂቃ አቆዩት፤ ከዚያም በውስጡ እንዳለ ይቀዝቅዝ። ወርቅማ ቡናማ ቀለም ይወጣዋል። እርድም ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ነገር ግን ፀሐይ ቶሎ ያደበዝዘዋል።

6ኛ. ውኃው እስኪጠራ ድረስ ቋጠሮውን ሳትፈቱ አለቅልቁ። ከዚያ ፍቱና በጥላ አድርቁ። የመጀመሪያዎቹን እጥበቶች ለብቻው እጠቡት። ለቀለም የዋለውን ድስትም ለምግብ አትመልሱት።

ተማሪያችን ተመልሳ መጣች። ያንኑ የደበዘዘ ሻሽ ሸብ ውስጥ ያሳደረችው፣ ያሰረችውና የነከረችው ራሷ ናት። እኛ አጠገቧ ቆመን እንድትታገሥ ብቻ እንነግራት ነበር። ሻሹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲታጠብ ውኃው ነጭ ሆኖ ቀረ። ለአባቷም ሌላ ጀለብያ ገዝተናል።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ አሮጌ ጨርቅ ቢጠይቋችሁ አትንፈጓቸው። መጀመሪያ የሚሠሩት ቢበላሽም አትቆጧቸው፤ ምናልባት ያቻኮላቸው አስተማሪያቸው ሊሆን ይችላልና።